ቆይ፣ ምላሴን ላስቀምጠው

ያ እንግሊዛዊ ተዋናይ የኦሃዮ ሸሪፍ ሆኖ የሚጫወትበት ተከታታይ ፊልም ሰሞኑን በአዲስ ምዕራፍ ተመልሷል። ማስታወቂያው ስልኬ ላይ ብቅ ያለው ከሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ቁጭ ባልኩበት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን "እሰይ" ይል ነበር። እኔ ፈራሁ። የቴሌቪዥን ድራማ ማስታወቂያ አይቶ ልቡ ድው ድው የሚል ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ይህን ያስለመዱኝ ደግሞ እትዬ ውብነሽ ናቸው። እሳቸው አሁን እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የሉም። በሕይወት አሉ፣ ተመስገን፤ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ከጎኔ ቁጭ ብሎ "እስቲ ዛሬ ደግሞ ምን አሉት?" የሚለኝ ሰው የለም።

ኢስተን አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነበር አብረን የምንሠራው። እኔ ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ ሰሞን ስቀጠር እሳቸው የቤቱ ነባር ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ፊታቸው ክብ፣ ጸጉራቸውን ሁልጊዜ በሻሽ ሸብ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። እንግሊዝኛ ሊናገሩ ሲሉ ሌባ ጣታቸውን ታችኛው ከንፈራቸው ላይ ያሳርፉና ለራሳቸው "ቆይ፣ ምላሴን ላስቀምጠው" ይላሉ። ሱፐርቫይዘራችን ስንት ካርት ፎጣ፣ ስንት ጋሪ ማለት ነው፣ እንደቀረ ሲጠይቃቸው፣ ጣት ወደ ከንፈር፣ ምላስ ወደ ቦታው፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩ የሚወጣው። ሰውየው ጥርሳቸውን የሚያማቸው መስሎት አንድ ቀን የጥርስ ሐኪም አድራሻ ጽፎ ሰጣቸው። እሳቸውም አመስግነው ተቀበሉት።

ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርማችንን ስንለብስ፣ "ጋሽ አየለ እንዴት አደሩ?" እላቸዋለሁ።

"እየተነፈሰ ነው" ይሉኛል።

መጀመሪያ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር። ኋላ ስረዳው ቀልድ አልነበረም። ጋሽ አየለ ባለቤታቸው ናቸው። ብዙ ዘመን ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ የታክሲ ሹፌር ነበሩ፤ ልባቸው ከደከመ በኋላ ግን ቤት ዋሉ። እትዬ ውብነሽ በሥራም፣ በፖሊስም፣ በበረዶ ላይ በመንዳትም አይፈሩም። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጋሽ አየለ ትንፋሽ ቀጥ ባለበት ቀን፣ የድንገተኛ አደጋው ስልክ፣ ናይን ዋን ዋን ደውለው፣ አፋቸው እንዳይከዳቸው። ይህ ፍርሃት እንዲያው ከሰማይ አልወረደባቸውም። አንዴ ደርሶባቸዋል። እንዴት እንደደረሰባቸው የነገሩኝ ግን ቆይተው ነው፤ ያስነገራቸውም ያው ፊልም ነው።

ፊልሙ መጀመሪያ የተሠራው ድሮ ነው። አብራን የምትሠራው ዲኒስ ልጅ ሳለች ከአያቷ ጋር ሶፋ ላይ ተጋድማ አይታዋለች፤ የሸሪፉን ንግግር በቃሏ ትወጣዋለች። እንደ አዲስ ሲሠራ ለሸሪፉ እንግሊዛዊ መረጡ መባሉን የሰማች ዕለት ቤቷ የተዘረፈ ሰው መስላ ነበር የዋለችው።

"ኦሃዮ ውስጥ ሰው ጠፍቶ ነው?" አለች። "ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ኮሎምበስ፣ ፍራንክሊንተን ሰፈር ነው። እንዲህ የሚያወራ ሰው በዕድሜዬ አልሰማሁም። ሰውዬው ከየት ነኝ ነው የሚለው፣ ከኦሃዮ ወይስ ከቴክሳስ?"

የኛ ብሬክ ሩም፣ ምሳ የምንበላበት ክፍል፣ ከዚያ በኋላ ሰላም አላገኘም። አዲስ ክፍል በወጣ ማግስት ዲኒስ ሸሪፉን እየተራመደች ታሳየናለች፣ እያወራች ታሳየናለች። እኔ ደግሞ አድናቂዎቹ ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉትን እያነበብኩ ለእትዬ ውብነሽ በአማርኛ እተረጉማለሁ። አንዱ፣ "አክሰንቱ ከክሊቭላንድ ይነሳና ኮሎምበስ ሳይደርስ ለንደን ይገባል" ብሎ ጽፏል። ሌላዋ፣ "እንግሊዛዊ መሆኑን ሳላውቅ በፊት ጉንፋን የያዘው መስሎኝ ነበር" ትላለች። "ልጁን ተዉት፣ ከዚህ መልክ ጋር ቢያሻው በምልክት ያውራ" ያለችም አለች። እትዬ ውብነሽ በዚህች ሳቅ አሉና ወዲያው ኮስተር ብለው ወደ ጥያቄያቸው ተመለሱ።

"የቷ ቃል ላይ ነው የያዙት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ ብዙ ቦታ ነው።"

"ሲስቅ ነው ሲቆጣ?"

"ሲቆጣ ይመስለኛል።"

"ሲቆጣ ነው ወይስ ሲፈራ? ለይተሽ ንገሪኝ እንጂ።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከድራማ ተመልካች ሰምቼ አላውቅም። ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግድ አልነበራቸውም። የሚፈልጉት የሰውየው ምላስ የት ላይ እንዳዳለጠው ብቻ ነው። እኔም ዝም አልል፣ "ልጁን ለሜሮን አስበውት ነው እንዴ?" እላቸዋለሁ። ሜሮን ዳላስ የምትኖር አንድ ልጃቸው ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች።

"ወግጂ!" ይሉኛል። "ሜሮን እንኳን እሱን፣ እኔንም በእንግሊዝኛ ነው የምትቆጣኝ።"

ከዚያ የወንዙ ክፍል መጣ። ምሳ ሰዓት ነው። ዲኒስ ስልኳን የውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፋ "ይህን ካላያችሁ ምግብ አይበላም" ብላ ሁላችንንም ሰበሰበችን። የሸሪፉ ታናሽ ወንድም ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ሸሪፉ ዘሎ ይገባል፣ ይጎትተዋል፣ ዳር ያወጣዋል፤ ወንድም ግን አይንቀሳቀስም። በዚህ ጊዜ ተዋናዩ ወደ ሰማይ አንጋጦ "ማይ ብራዘር" ማለት ሲገባው፣ "ማይ ብራቫ!" ብሎ ጮኸ። ለካ ለንደን ውስጥ እንዲህ የሚሉ ሰፈሮች አሉ። ኦሃዮው፣ ሸሪፉ፣ ባርኔጣው ሁሉ በአንዴ ጠፋ። ዲኒስ ጠረጴዛውን እየደበደበች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በዚያ ሳምንት "ብራቫ" የላውንደሪው ሰላምታ ሆኖ ነበር የሰነበተው።

እኔም እየሳቅሁ ዞር ስል እትዬ ውብነሽ ቆመዋል። ማንኪያቸውን እንደያዙ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ወጡና ወደ ፎጣ ማስቀመጫው ክፍል ገቡ። ተከትያቸው ስገባ የተደረደረው አንሶላ ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

"እትዬ፣ ምን ሆኑብኝ?"

"አየሽው?"

"ምኑን?"

"ሰውየውን! አስተማሪ ቀጥረውለታል ብለሽ አላነበብሽልኝም? ሲሳሳት መልሰው መላልሰው ይቀርፁታል ብለሽ አልነገርሽኝም? ልጁ እውነተኛ ወንድሙ አይደለም። ማንም አልሞተበትም። እሱ እንኳን የውሸት ድንጋጤ ደንግጦ አፉ ከከዳው፣ እኔን ማን ያድነኛል?"

ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ብርዱ በበረታበት ሰሞን ነው። ጋሽ አየለ ቁርስ እየበሉ ሳለ ወንበራቸው ላይ ዘንበል አሉ፤ ደረታቸው ቀጥ አለ። እትዬ ስልኩን አንስተው ደወሉ።

"'ሂ ኢዝ ኖት ብሪዚንግ' አልኳት ስልኩን ያነሳችውን ሴት፣ አይተነፍስም ለማለት። 'ፍሪዚንግ?' አለችኝ፣ በረደው ወይ እንደማለት። 'ኖ፣ ኖ፣ ብሪዚንግ!' አልኳት። 'ማሞቂያው ተበላሽቶባችሁ ነው ማም?' ትለኛለች፤ በትህትና ነው'ኮ፣ አንጀት በሚበላ አነጋገር። እኔ ብሪዚንግ ባልኩ ቁጥር እሷ ማሞቂያ ትላለች። ብሪዚንግ፣ ማሞቂያ፣ ብሪዚንግ፣ ማሞቂያ። በኋላ እንግሊዝኛውም ጠፋኝና በአማርኛ ጮህኩባት። ታች ያለው ጎረቤት ጩኸቴን ሰምቶ መጥቶ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። አንዴ ተናገረ። የተናገረው ያንኑ የኔኑ ቃል ነው ልጄ፣ ምንም አልጨመረባትም። መጡ።"

ጋሽ አየለ ተረፉ። ልባቸው ግን ያኔ ነው እንደማይጠገን ሆኖ የተጎዳው።

ጥፋተኛዋ አንዲት ድምፅ ናት። ፈረንጆቹ ምላሳቸውን በጥርስና በጥርስ መሃል ሾለክ አድርገው ነው የሚያወጧት። የኛ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም፤ "ዘ" ብሎ ይገላገላል። እንግሊዛዊው "ቨ" አላት፣ እትዬ ውብነሽ "ዘ" አሏት፤ ሁለቱም የወደቁት እዚያችው ፊደል ላይ ነው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ምላሳቸውን የሚያስቀምጡት ለካ ለዚህ ኖሯል። በልቤ ስቄባቸው ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ ሲያርፍ መሳቄን ተውኩ።

መላ መምታት ደግሞ የኔ ሥራ ነው፤ ቶሎ መላ ካልመታሁ ያመኛል። "'አማርኛ' በሏቸው እትዬ፣ አስተርጓሚ ያገናኙዎታል" አልኳቸው።

"አስተርጓሚው እስኪመጣ አየለ ተራውን ይጠብቃል?"

"ታዲያ 'ኸርት አታክ' ቢሉስ?"

"ሜሮንም እንዲሁ ነው የምትለኝ። 'ማም፣ ጀስት ሴይ ኸርት አታክ' ትለኛለች፣ ከዳላስ ሆና። የደነገጠ ሰው ቃል ይመርጣል? ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ያየሁት ደረቱ እንደማይነሳ ነው።"

በሰላሙ ጊዜ ቃሏን እንደ ሀገሬው አሳምረው ነበር የሚሏት። ፎጣ እያጠፉ፣ ሊፍት እየጠበቁ፣ ከቸርች ሲወጡ ይሏታል። ዲኒስ ራሷ አንድ ቀን ሰምታ "ከሸሪፉማ እርስዎ ይሻላሉ" ብላቸዋለች። ከወንዙ ክፍል በኋላ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ሆነባቸው። መሞከር ያለበት በድንጋጤ ነው አሉ። አንድ ቀን ጠዋት እጄን ያዝ አደረጉና፣ "አንቺ አስደንግጪኝ" አሉኝ።

"እንዴት አድርጌ?"

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ። ሳላስበው ድረሽብኝ። ያን ጊዜ ከአፌ የሚወጣውን እንስማ።"

ሰውን ማስደንገጥ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከአንሶላ ካርት ኋላ ተደብቄ ቆይቼ "ዋ!" ብዬ ዘለልኩባቸው። "ኢየሱስ!" ብለው ጮኹ፤ የታጠፈው ፎጣ ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ። እሳቸው ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነን፤ እኔም ከእሳቸው ጩኸት የተነሳ ደንግጬ "በስመ አብ!" አልኩ። ከዚያ እትዬ ውብነሽ ደረታቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩና፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ያችን ዓረፍተ ነገር አንድ እንከን ሳይኖራት ተናገሯት።

"አሁን መጣች!" አሉ በንዴት። "አሁን ምን ትሠራልኛለች!"

ዲኒስ ነገሩ ሲገባት እሷም ገባችበት። በሯን ታላትማለች፣ የልብስ ማድረቂያውን የድራየሩን ክዳን በድንገት ትደበድባለች። እትዬ አንድ ቀን "ወይኔ እናቴ!" ይላሉ፣ አንድ ቀን "ኡኡ!" ይላሉ። ሆቴሉ ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ሰሞን በአማርኛ የተጮኸበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ሱፐርቫይዘሩ የተጣላን መስሎት ለየብቻ ጠርቶ አናገረን። እየሳቅን ነበር፣ አልክድም፤ ግን ሳቃችን ውስጥ ፍርሃት ነበረበት። በዘለልኩባቸው ቁጥር ዓይናቸው እኔን አያይም ነበር። ያን ወንበር ላይ ዘንበል ያለውን ሰው ነው የሚያየው። ቤቴ ገብቼ እንኳን ያ ዓይን ይመጣብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው እየሸኘኋቸው በቱ ሰቨንቲ ሀይዌይ እየነዳሁ ሳለ አንድ ትልቅ ትራክ ሳያየን ወደ መስመራችን ገባ። ጡሩምባ ነፋሁ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናዋ ተንሸራታ መንገድ ዳር ቆመች። ትራኩ ሲያልፍ ያስነሳው ንፋስ መኪናችንን እንደ ሕፃን አልጋ አወዛወዛት። መሪውን የጨበጠ እጄ አልላቀቅም አለኝ። ከዚያ ከጎኔ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

"ሂ ኢዝ ኖት ብሪዚንግ።"

በእንግሊዝኛ! ለመጀመሪያ ጊዜ በድንጋጤ ውስጥ እንግሊዝኛ ከአፋቸው ወጣ። "እትዬ፣ መጣ'ኮ!" ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። "ዘ አልኩ" አሉኝ። "አልሰማሽም? ዘ አልኩ። አየለን ገደልኩት።"

"ኧረ ጋሽ አየለ ቤት ቁጭ ብለው ዜና እያዩ ነው" አልኳቸው። ግን እኔም አብሬ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፍርሃቱ ወደ እኔም ተጋባ። ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ፤ ለእኔ የሚደውልልኝ ማን ነው እያልኩ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ቃሏን እለማመድ ጀመር። አንድ ቀን ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ውስጥ መስኮቴ ክፍት ሆኖ ስላት ጎኔ የቆመው ሰውዬ "አር ዩ ኦኬ?" ብሎ ጠየቀኝ። እሱስ ቢያንስ ሰምቶኛል ብዬ ተጽናናሁ።

ያ ቀን የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ናቸው። ሳነሳው የአምቡላንስ ሰዎች ከኋላ ሲያወሩ ይሰማኛል፤ የፎጣ ካርቱ ላይ ተቀመጥኩ።

"መጣች!" አሉኝ እያለቀሱ። "ፊደሏ መጣች ልጄ!"

ዝርዝሩን ሆስፒታል ስደርስ ነገሩኝ። የጋሽ አየለን ጥፍር እየቆረጡ ሳለ የያዙት እጅ ከበደባቸው፤ ቀና ሲሉ የጋሽ አየለ ትንፋሽ ቆሟል። ስልኩን አነሱ። ጣት ወደ ከንፈር፣ ምላስ ወደ ቦታው። ኦፕሬተሯ አንዴ ብቻ ነው የሰማቻቸው፤ "ፍሪዚንግ" የሚባል ነገር አልመጣም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊው፣ መሬት ላይ አስተኚው፣ ደረቱን ተጫኚ፣ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ አለቻቸው። ቆጠሩ። "በእንግሊዝኛው ሦስት ላይ የዚያች ፊደል እህት አለች፣ ታውቂያለሽ" አሉኝ። "እዚያም ላይ አልከዳችኝም።"

"አልፈሩም?"

"አልፈራሁም። እሱን ካየሁት እንደምጮህ አውቃለሁ። ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተክዬ ምላሴን ብቻ ነበር የማስበው።"

አምቡላንሱ ቶሎ ደረሰ። ጋሽ አየለ ተመለሱ። እሑድ ቸርቻቸው ውስጥ ምስክርነት ተሰጠ፤ ዲኒስ ብሬክ ሩም ውስጥ አጨበጨበች፤ እኔ ለሁሉም የራሴ ገድል ይመስል አወራሁት። ለአንድ ሳምንት ያህል ያለ ፍርሃት ተኛሁ።

ጋሽ አየለ በደንብ መናገር የጀመሩ ዕለት ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ውብነሽ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ጋሽ አየለ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ያቺ ፈረንጅ ሄደች?" አሉ።

"የቷ ፈረንጅ? ነርሷ?" አልኳቸው።

"ቤት የነበረችው። ስትቆጥር የነበረችው ሴትዮ። ማን አስገባት?"

ሳቄ መጣ። "ኧረ ጋሼ! እሷማ እትዬ ናቸው'ኮ። ያዳኑዎት እሳቸው ናቸው።"

"ተይ እባክሽ፤ የሚስቴን ድምፅ አጥቼው ነው?" አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። "ከሩቅ ይሰማኛል። ፈረንጅ ናት። ትቆጥራለች፣ ትቆጥራለች። ውብነሽን ብጠብቅ ብጠብቅ ድምፅዋ የለም። ለማላውቃት ሴት ትታኝ ሄደች አልኩ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ፈራሁ።"

ጋሽ አየለ ፈራሁ የሚሉ ሰው አልነበሩም። ያን ሁሉ በሽታ በቀልድ ነው የቻሉት። እትዬን ቀና ብዬ ሳያቸው ብርቱካኑን እንደያዙ ደርቀዋል፤ ጭማቂው በጣታቸው ላይ ይወርዳል።

ኮሪደሩ ላይ ወጣን። "ሰውነታቸው ሲዳከም የሚሰማ ነገር ነው፣ ልብ አይበሉት" አልኳቸው። "አድነዋቸዋል'ኮ።"

"አድኜዋለሁ፣ ጌታ ይመስገን" አሉ። "ብቻውን ነበር ግን።"

ከዚያ፣ "ያ ልጅ" አሉኝ።

"የቱ ልጅ?"

"ተዋናዩ። ውሃው ዳር ሲጮህ ቃሉ ተሰበረበት አይደል?"

"አዎ።"

"ወንድሙ ግን ድምፁን አውቆታል።"

ወንድሙም ተዋናይ ነው እትዬ፣ ልል ነበር። ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

ሐኪሙ የጋሽ አየለ ልብ ከዚህ በኋላ ብዙ እንደማይሸከም ነግሯቸው ነበር። ያ ቀን ተመልሶ እንደሚመጣ እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ የእትዬ ፍርሃት መልኩን ለወጠ። ስልኩን ከያዙ ጋሽ አየለን ይተዋሉ፤ ጋሽ አየለን ከያዙ ስልኩ የለም። ሁለቱ ቦታ በአንድ አፍ እንዴት ይገኛል? ሥራ ላይ ቃሏን ሲለማመዱ ሰምቻቸው አላውቅም። እኔንም አስደንግጪኝ አላሉኝም። ዲኒስ ስለ ሸሪፉ ስታወራ ሳህናቸውን አንስተው ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳሉ። "እኔ መጥቼ አብሬያችሁ ልኑር፤ እኔ እደውላለሁ" ብያቸው ነበር፤ ከልቤ ነው ያልኩት። "አንቺ ሥራ አለሽ" አሉኝ፣ ጉንጬን ዳበስ አድርገው። ብዙም ሳይቆዩ ሜሮን መጥታ ዕቃቸውን ጫነችና ወደ ዳላስ ወሰደቻቸው። ስንለያይ ጋሽ አየለ በመኪናው መስኮት እጃቸውን ዘርግተው፣ "አደራ፣ ሰው አታስደንግጪ" አሉኝ።

የጋሽ አየለን ማረፍ የሰማሁት ከቸርቻቸው ሰዎች ነው። ለእትዬ ወዲያው መደወል ነበረብኝ፤ ሳልደውል ሰነበትኩ። ቁጥራቸውን አወጣለሁ፣ አያለሁ፣ መልሼ ስልኩን አስቀምጣለሁ። የፈራሁት ለቅሶውን አይደለም። ለቅሶ አውቃለሁ። የፈራሁት ጋሽ አየለ በመጨረሻ የሰሙት ማንን እንደሆነ እትዬ እንዳይነግሩኝ ነው። በዚያች ሰዓት ደግሞ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ሲያዩ እየታየኝ ምግብ አልበላ አለኝ።

ማስታወቂያው ስልኬ ላይ ብቅ ባለ ጊዜ እዚያው መኪና ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ እንዳላመነታ ቶሎ ብዬ ደወልኩ። አነሱት። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኳቸው፤ "አሜን" አሉኝ። አለቀስን። ስለ ቀብሩ፣ ስለ ዳላስ ሙቀት፣ ስለ ዲኒስ አወራን። እንዴት ነበር ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሳቸው አወቁብኝ።

"ሜሮን ቤት ነበረች" አሉኝ። "እሷ ደወለች። በእንግሊዝኛዋ ስትነግራቸው ይሰማኛል፤ ምን እንዳለች ግን ልብ አላልኩትም። እኔ ስልክ አልነካሁም። ጭንቅላቱን እቅፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ። 'አየልዬ፣ አየልዬ፣ እኔ ነኝ፣ አለሁ' እያልኩ፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳልል ጮህኩ። ፈራሁ ልጄ። እንደ ልቤ ፈራሁ።"

በመስኮቱ በኩል የሆቴሉ ሰዎች ሺፍት ሊቀይሩ ሲገቡ ይታዩኛል።

"ሰሙዎት?" አልኳቸው።

"ዞሮ አየኝ" አሉኝ።